የኦይታን እግር ያተረፈው ማን ነው?

በአንድ ወቅት፣ ያውም እምብዛም ባልራቀ ወቅት፣ ሦስት ሰዎች የአንድ ልጅ እግር ላይ ተከራከሩ። ክርክራቸው እስከ ዛሬ አላለቀም። እኔም መሀል ገብቼ መውጫው ጠፍቶኛል፤ ይህን የምነግራችሁም ፍርድ አጥቼ ነው።

ድንቁ እባላለሁ። ሐይቅ አጠገብ ባለችው ከተማችን፣ በሆስፒታሉ የፓቶሎጂ ክፍል መዝገብ ያዥ ነኝ። ከሰው ገላ የተቆረጠ ናሙና ሲመጣ ቁጥር የምሰጠው፣ ውጤቱንም በመስኮት የማስረክበው እኔ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሐኪሞች ጭቅጭቅ ጆሮዬ ሥር ስለኖረ የነገሩን ሂደት አንድ በአንድ ልነግራችሁ እችላለሁ። ፍርዱን ግን እንጃ።

ልጁ ኦይታ ይባላል፤ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። አባቱ ሲሞት ሽመናውን ወርሶ እናቱንና ሁለት እኅቶቹን የሚያሳድር የቤቱ ምሰሶ ነው። ሸማኔ በእጁ ብቻ የሚሠራ የሚመስለው ሰው ሸማኔ አጠገብ ተቀምጦ አያውቅም ማለት ነው። እግር ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ካልረገጠ ድሩ አይከፈትም፤ ድሩ ካልተከፈተ መወርወሪያው አያልፍም። ስለዚህ ኦይታ ከቀኝ ጉልበቱ በታች እብጠት ሲወጣበት ለማንም ሳይናገር ጥርሱን ነክሶ ይረግጥ ነበር። ወጌሻ አሸው፤ ባሰበት። እናቱ ወይዘሮ አማረች ደግፋ ወደ እኛ ስታመጣው እብጠቱ ብርቱካን አክሏል።

ቀዶ ሐኪሙ በመርፌ ከአጥንቱ ውስጥ ትንሽ ነገር ወስደው ላኩልን። ከክር አይወፍርም፤ እኔ ራሴ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቼ ነው ያየሁት። ናሙና በሰም ደርቆ በምላጭ ሳስቶ የሚቆረጠው በቴክኒሻናችን በእትዬ የውብዳር እጅ ነው። እሳቸው ቆረጡት፣ በተለመደው ሮዝና ሐምራዊ ቀለም ነከሩት፣ ሁለቱም ሐኪሞቻችን በማይክሮስኮፕ አዩት።

ከዚያ ግራ መጋባቱ ጀመረ። የታየው ጥቃቅን፣ ድቡልቡል፣ ጠቆር ያለ ሴል ነው፤ የጎመን ዘር የተደፋ ይመስላል። እንዲህ የሚመስል ዕጢ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። አንድ የአጥንት ካንሰር እንዲህ ይመስላል። ከደም ሴሎች ወገን የሚነሳ ካንሰርም አጥንት ውስጥ ሲቀመጥ እንዲሁ ይመስላል። በዓይን አይለዩም። ሕክምናቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የአጥንቱ ከሆነ፣ በእኛ ሆስፒታል አቅም፣ እግሩ ከጉልበት በላይ ይቆረጣል። የደሙ ከሆነ በመድኃኒት ብቻ ይታከማል፤ እግሩን ማንም አይነካውም።

እንዲህ ሲቸግራቸው ኢሚዩኖ የሚሉት ልዩ ቀለም አላቸው። ፈሳሹ ሴሉ ላይ የሚፈልገውን ምልክት ካገኘ ይጣበቅበትና ቦታው ቡናማ ይሆናል፤ ካላገኘ ታጥቦ ይሄዳል። እያንዳንዱ ጠርሙስ የሚፈልገው የራሱን ምልክት ነው። ለዚህ ዓይነት ዕጢ ያኔ ሁለት ጠርሙስ ነበረን። ዘጠና ዘጠኝ የሚሉት የአጥንቱን ካንሰር ያሳያል፤ አርባ አምስት የሚሉት የደም ወገኖችን። እኔ በገባኝ መጠን እንዲህ ነው።

ሁለቱን የቀባችው ዶክተር ኢክራም ናት። ከልጄ እኩያ ስለሆነች አንቺ እላታለሁ፤ እሷም አትቀየመኝም። እጇ ፈጣን ነው፣ ዓይኗ ፈጣን ነው፣ ምላሷ ከሁለቱም ይቀድማል። ዘጠና ዘጠኙ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ሆነ። አርባ አምስቱ ምንም አላሳየም።

«የአጥንት ነው» አለች። ፈረመች።

በእኛ ክፍል ደንብ ግን የሰው እጅ ወይም እግር የሚያስቆርጥ ውጤት በሁለት ሐኪም ካልተፈረመ ከመስኮቴ አይወጣም። ሁለተኛው ፈራሚ ዶክተር ሽብሩ ናቸው። ማይክሮስኮፕ ላይ ሠላሳ ዓመት ከማጎንበሳቸው የተነሳ ሲሄዱም መሬት ላይ የወደቀ ነገር የሚፈልጉ ይመስላሉ። አዩት። መልሰው አዩት። ወረቀቱን ወደ እሷ ገፉት።

«አልፈርምም።»

«ለምን?»

«አርባ አምስቱ ተበላሽቶ ይሆናል። ባለፈው ወር መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ ፍሪጁ ሞቆ አልነበረም?»

«ለመፈተሻ የቀባሁት የቶንሲል ቁራጭ ላይ እኮ ሠርቷል!»

«ደከም ብሎ ነው የሠራው።»

«እሺ፣ የአጥንት ካልሆነ ምንድን ነው?»

«አላውቅም።»

ሠላሳ ዓመት የሠራ ሐኪም አላውቅም ሲል መስማት ያስደነግጣል። እንደገና እንዳይቀባ ናሙናው አልቋል፤ ሰሙ ላይ የቀረ ሥጋ የለም። እንደገና እንዳይወጋ ቀዶ ሐኪሙ እምቢ አሉ፤ አጥንቱ በመጀመሪያው መርፌ ሳስቷል፣ ሁለተኛው ይሰብረዋል አሉ። ወረቀቱ አንድ ፊርማ ይዞ ጠረጴዛዬ ላይ ቀረ። ቀዶ ሐኪሙ በየጠዋቱ መስኮቴን ያንኳኳሉ። «ዕጢው እያደገ ነው፤ ወደ ሳንባው ቢዘልቅ ተጠያቂው ማን ነው?» ይላሉ። እኔ ምን ልበል?

በአራተኛው ቀን ወይዘሮ አማረች ዶክተር ሽብሩን ኮሪደር ላይ አገኘቻቸውና እግራቸው ሥር ወደቀች።

«ጌታዬ፣ ይፈርሙልኝ። እግሩ ይሂድ፤ ልጁ ይቅርልኝ።»

«ተነሺ እናቴ፣ ተነሺ። እጄ እምቢ አለኝ። የልጅሽን በሽታ አላውቀውም።»

«የማያውቁት ከሆነ የሚያውቁት ይፈርሙ! ልጄ ቢሞት በእርስዎ ላይ ነው። እግዜር ይየው።»

ሰውየው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። ግን አልፈረሙም። እውነቱን ልናገር፤ እኔም ያን ዕለት ጠልቻቸዋለሁ። ኦይታ አግዳሚው ወንበር ላይ ሆኖ ይህን ሁሉ ሰማ። አጠገቡ ስቀመጥ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እግሬ ከሄደ ከእኅቶቼ ጋር ጥጥ እፈትላለሁ። ሁላችን ፈትለን ማን ይሸምነው?»

እዚህ ላይ እትዬ የውብዳር ይገባሉ። በማግስቱ ጠዋት መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡና ሁለቱ ሐኪሞች ፊት አስቀመጡት። ውስጡ ስላይድ የምንላቸው ቀጫጭን መስታወቶች፣ ቀለም ያልነካው ቁራጭ እንደተለጠፈባቸው ተደርድረዋል።

«የልጁ ሦስት ቁራጭ አለኝ» አሉ።

ደንቡ የተረፈ ቁራጭ በዕለቱ ይጣል ይላል። ደንቡ የወጣው ደግሞ በእሳቸው ምክንያት ነው፤ ከዓመታት በፊት ያው ቆርቆሮ የሁለት ሴቶችን ስላይድ ቀላቅሎ ጉድ ሊያፈላ ሲል በእግዜር ቸርነት ተደረሰበት። ተገሠጹ፣ ተጻፈባቸው፣ ሁለተኛ አይለመደኝም ብለው ማሉ። ማስቀመጡን ግን አልተዉም። «የሰው ሥጋ እንዴት ይጣላል? እጄ አይችልም» ብለው ለኦይታም ለሌላውም፣ ለሁሉም ሲያስቀምጡ ኖረዋል። ይባስ ብለው የጻፉበት በቁጥር አይደለም። በእርሳስ «ሸማኔው» ይላል። በዚያ ወር ብቻ ሦስት ሸማኔ መዝግቤያለሁ! እንዲህ ያለ ራስ ምታት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ዶክተር ኢክራም ጮኸች። «ይህ የሱ ካልሆነስ?» ከዚያ ግን መጮኋን ትታ ቁራጮቹን ከመጀመሪያው ስላይድ ጎን ለጎን አደረገች። የኦይታ ናሙና ጫፉ ላይ እንደ መንጠቆ ቆልመም ያለ ነው። ሦስቱም ቆልመም ብለዋል። በማይክሮስኮፕም ጥግ ለጥግ ገጠሙ። የሱ ነው ተባለ።

ሦስት ቁራጭ ማለት ሦስት ዕድል ነው። አንዱን ዶክተር ሽብሩ ወሰዱ። ከጎረቤት ከተማ አዲስ የአርባ አምስት ጠርሙስ አስልከው እንደገና አስቀቡት። ሁላችንም በላዩ ላይ አንገታችንን አስግገን ጠበቅን። ምንም የለም። ንጹሕ። ጠርሙሳችን አልተበላሸም ነበር፤ የሰውየው ምክንያት ውኃ በላው።

«አሁንስ ይፈርማሉ?» አለች ኢክራም።

«አልፈርምም።»

«ምክንያትዎ እኮ ወደቀ!»

«ምክንያቴ ወድቋል። ጥርጣሬዬ አልወደቀም።»

ይህ መልስ ነው? እናንተው ፍረዱ። አንድ ቁራጭ አባከኑ፣ ቀናት አለፉ፣ ልጁ ሲያቃስት ከመስኮቴ ይሰማል፤ ሰውየው ያለ አንድ ምክንያት እምቢ እንዳሉ ቀሩ።

ዶክተር ኢክራም ያን ዕለት መስኮቴ ላይ መጥታ ጠረጴዛውን በጡጫዋ መታች። ሦስተኛ ቀለም አለ አለችኝ፤ ቲዲቲ የሚባል። የደም ሴል ገና ሳይበስል ካንሰር ሲሆን አርባ አምስትን ሊክድ፣ ዘጠና ዘጠኝን ሊቀበል ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚያጋልጠው ይህ ሦስተኛው ነው። «ብርቅ ነገር ነው ጋሽ ድንቁ፤ የዚህ ልጅ እንደዚያ አይደለም። ግን አምጥቼ ባዶ መሆኑን ካላሳየኋቸው ሰውየው ዝም አይሉም። እሳቸውን ዝም ላሰኛቸው ነው የምሄደው።» ቃል በቃል ያለችው ይህን ነው፤ አልጨመርኩም።

የአረፋ በዓል ፈቃዷ ነበር። ቤተሰቦቿ ሲጠብቋት አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሄደች፣ አስተማሪዋን ለምና ጥቂት ጠብታ አገኘች፣ በበረዶ የተሞላ ፔርሙዝ ውስጥ ከታ ጭኗ ላይ ይዛ ተመለሰች። ሱቅ ሄዶ እንደመምጣት አድርጋ ነው የምታወራው፤ ስትወርድ ግን እግሯ አብጦ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር።

ክፍሉን ዘግታ ብቻዋን ቀባች። ከሁለቱ ቁራጮች አንዱን ነከረች፤ አጠገቡም ቀለሙ በትክክል መሥራቱን የሚያሳዩ ሌሎች ቁራጮች አደረገች። ከሰዓታት በኋላ አየችው። የእያንዳንዱ ሴል አስኳል ቡናማ ሆኗል። አላመነችም። እጄ ተሳስቶ ይሆናል ብላ የመጨረሻዋን ቁራጭ አነሳች። እሷ ካለቀች ሌላ የለም። እንደገና ቀባች። እንደገና ቡናማ።

ልብ በሉ፤ ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። ቀለሙ አልሠራም ብትል ማን ይጠይቃታል? ፊርማዋ ወረቀቱ ላይ ነው፣ ቀዶ ሐኪሙ ከእሷ ጋር ናቸው፣ እናትየዋ ከእሷ ጋር ናት። በሩን ከፍታ ወጣችና ሁላችን በቆምንበት ኮሪደር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«ተሳስቼ ነበር። የደም ነው። እግሩን እንዳትነኩት።»

ወይዘሮ አማረች መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔም፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ አለቀስኩ። ዶክተር ሽብሩ ገብተው አዩ፣ ወጡ፣ ፈረሙ። ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር። «ቲዲቲን እኔ አላሰብኩትም» አሉ።

ኦይታ መድኃኒት ጀመረ። ፀጉሩ ረገፈ፣ ከሳ፣ ሦስት ጊዜ ሞተ ተብሎ ተነሳ። እብጠቱ ግን ሟሸሸ። ዓመት ከመንፈቅ አለፈ፤ አሁንም ክኒን ይውጣል፣ ሐኪሞቹም ገና አልለቀቁትም። ግን ይሄዳል። በሁለት እግሩ።

ባለፈው ሐሙስ መስኮቴ ላይ መጣና አንድ ቡሉኮ አስቀመጠ። ነጭ፣ ወፍራም፣ ዳሩ ላይ ጥቁርና ቀይ ጥለት ያለው።

«ከዳንኩ በኋላ መጀመሪያ የሸመንኩት ነው» አለ። «እግሬን ላተረፈልኝ ሰው ይስጡልኝ። እኔ የሐኪም ነገር አይገባኝም፤ እርስዎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነበሩ።»

«ልጄ፣ ሦስት ናቸው እኮ። ሦስት ላይ ይከፈል?»

«አይሆንም ጋሽ ድንቁ። በአባቴ ቤት ከሕመም በኋላ መጀመሪያ የተሸመነ አይቀደድም። የአንድ ሰው ትከሻ ነው። በሚቀጥለው ሐሙስ ለክትትል ስመጣ ማን እንደለበሰው አያለሁ።»

ቡሉኮውን ይዤ ወደ ሦስቱ ገባሁ። እንደ ወጋችን «ለእሷ ይሁን፣ የለም ለእሳቸው ይሁን» ተባብለው የሚገፋፉ መስሎኝ ነበር። የት አባቱ! ሦስቱም ፈለጉት። ቡሉኮ አጥተው አይደለም፤ አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ መባልን ፈልገው ነው።

እትዬ የውብዳር «ቆርቆሮዬ ባይኖር እነዚህ ሁለቱ ምን ላይ ይቀቡ ነበር? አየር ላይ?» አሉ። እውነት ነው። ሐኪሞቹ ግን «ለኦይታ ብለው አላስቀመጡትም፤ ሰው ሁሉ የሚጥለውን ያስቀምጣሉ። ያው ልማድዎ አንድ ቀን ሌላ ሰው ሊገድል ነበር» ይሏቸዋል። ይህም እውነት ነው።

ዶክተር ሽብሩ በበኩላቸው «እኔ ፈርሜ ቢሆን፣ ቆርቆሮው ሲከፈት እግሩ ተቀብሮ ነበር» አሉ። እናት ስትረግማቸው የቆሙት እሳቸው ናቸው፤ ማን ይክዳል? እትዬ የውብዳር ግን «እርስዎ እንኳን በሽታውን የራስዎንም ምክንያት አላወቁትም። የአጥንት ሆኖ ቢገኝ ልጁን የገደሉት እርስዎ ነበሩ» ይላሉ። ይህንንም የሚክድ የለም።

ኢክራም ደግሞ «አንዳቸውም ምን እንደሆነ አላወቁም። ያወቅኩት እኔ፣ የሄድኩት እኔ፣ ተሳስቼ ነበር ያልኩት እኔ» አለች። ልክ ናት። ዶክተር ሽብሩ ቀና ሳይሉ መለሱላት። «እግሩ ይቆረጥ ብለሽ የፈረምሽውም አንቺ። የሄድሽውም ያንኑ ልታረጋግጪ ነው።» ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ቡሉኮውን ግን አልተወችም።

ይኸው ሰባት ቀን ሊሞላ ነው። ጠዋት ስነሳ ለእትዬ የውብዳር እሰጣለሁ እላለሁ። ሥራ ስገባ ዶክተር ሽብሩ ጎንበስ ብለው ሲያልፉ አይና ሐሳቤን እለውጣለሁ። ከምሳ በኋላ የኢክራምን ያበጠ እግር አስባለሁ፤ እንደገና እለውጣለሁ። ተራ በተራ ልበሱት ብል ሦስቱም ተቆጡኝ። ወይዘሮ አማረችን ብጠይቃት «ለሽማግሌው ስጥልኝ፣ ረግሜያቸዋለሁ» አለች። ይቅርታ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ልጁ ያለው ግን እግሬን ላተረፈልኝ ነው። እኔስ ማን ሆኜ ነው ሁለቱን የማቀላቅለው?

ነገ ሐሙስ ነው። ኦይታ በሁለት እግሩ መስኮቴ ፊት ይቆምና ማን እንደለበሰው ይጠይቀኛል። አንዷ ደንብ ጥሰው ቁራጩን ባያስቀምጡ፣ አንዱ ያለ ምክንያት እምቢ ባይሉ፣ አንዷ ትክክለኛነቷን ልታሳይ ሄዳ ስህተቷን ይዛ ባትመለስ፣ ልጁ መስኮቴ ፊት የሚቆመው በአንድ እግሩ ነበር። ሐኪም የሆናችሁ፣ ሐኪም ያልሆናችሁ፣ ታማችሁ የምታውቁ ሁሉ እስቲ ንገሩኝ፤ እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ይህን ቡሉኮ በማን ትከሻ ላይ ትጥሉታላችሁ?